ስለ አንዱ ማኅተምና ስለ ተቀበሩት ቆዳዎች

ለክቡር ግራዝማች ቀለሙ፣
የደሴ ከተማ የገበያና የቄራ ሹም፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ባለቤትዎ ወይዘሮ ሥርጉትስ እንደምን ናቸው? ልጆችስ? ቀይዋ በቅሎዎስ? እኛ ከቆዳ በቀር ምንም ያልጎደለን የቆዳ ነጋዴዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን። ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥዎ፣ ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ የቄራዎንም ዝንብ አያሳንስብዎ እያልኩ ይህን የምጽፍልዎ ወርቅአፈራሁ በላቸው ነኝ። ሹመት ስም ያስረሳልና ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እርስዎ፣ የሱፍ አብዱልወሀብና እኔ ሦስታችን ኮምቦልቻ ላይ በአንድ መጋዘን ቆዳ በጨው ስናሽ ስንኖር፣ ከሦስቱ ብዙ የሚያወራው እኔ ነበርኩ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መለጠፌን ከንቀት አይቁጠሩብኝ። አስቀድሜ እንደ ደንቡ አሽጌ በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ልኬልዎ ነበር፤ ጸሐፊዎ ማኅተም የለበትም ብሎ መለሰልኝ። በከተማችን ሥጋም፣ ቆዳም፣ የሰው አቤቱታም ያለ ማኅተም መግባት እንደ ቀረ የዚያን ዕለት ተረዳሁ። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ፒያሳ ላይ ሰው በሚበዛበት ግድግዳ፣ ሌላውን በቄራው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። የቄራው እንኳ ለወግ ያህል ነው፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው የለምና።

ከቅሬታ ምስጋና ይቀድማል። ባለፈው መስከረም ለገበያው ሹም ሊመረጥ ነው፣ ጣሊያኖቹም ከሩቅ አገር ሰው ሊያመጡ ነው የተባለ ጊዜ፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም ሽማግሌዎች ተሰብስበን ቀለሙ ይሾምልን፣ እሱ ቆዳም ያውቃል ሰውም ያውቃል ብለን ደጅ የጠናነው እኛ ነን። በተሾሙም ጊዜ አዋጥተን፣ ከኩታበር ገበያ አንድ ሰንጋ ገዝተን፣ ከግቢዎ በር ላይ አስረንልዎታል። ያን ሰንጋ ይረሱታል ብዬ አልገምትም፤ ሁለመናው ጥቁር፣ ግንባሩ ቦቃ፣ በቀኝ ጎኑ ላይ እንሥራ የመሰለ ነጭ ምልክት ያለበት ነበር። የመረጠልዎ የሱፍ ነው። ጀርባውን በመዳፉ ዳብሶ አንድም ጭረት የሌለበት ቆዳ ነው ቢልዎ፣ እርስዎ ከልብዎ ስቀው፣ እናንተ ሰዎች ዛሬም የምታዩት በሬውን ሳይሆን ቆዳውን ነው አሉን። እኛም አብረን ሳቅን። በሬ ካራጁ ይውላል የሚለው ተረት እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ በሬ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

በጥቅምት አዋጅዎ ወጣ። ማንም ሰው በሬም ሆነ በግ ከአዲሱ ቄራ ውጭ እንዳያርድ፤ ሥጋውም ቆዳውም በቄራው ማኅተም እንዲታተም፤ ቆዳው ሁሉ ኮምቦልቻ ወዳለው የጣሊያኖቹ ኩባንያ መጋዘን እንዲገባ፤ ያልታተመ ሥጋ ወይም ቆዳ የተገኘበት እንዲታሰር ታዘዘ። ዓላማው ሁለት ነው ተባልን፤ ከተማው እንዲጸዳና ቆዳ እንዳይባክን። መልካም ዓላማ ነበር፤ ይህን የምለው ያለ ቀልድ ነው። ነገር ግን ወሎ ላይ እስላምና ክርስቲያን ሠርጉንም ለቅሶውንም አብሮ እየዋለ ሥጋውን ለየብቻ እንደሚበላ እርስዎ ከጣሊያኖቹ ይልቅ ያውቃሉና፣ ቄሱና ሼኩ ተያይዘው መጥተው ሁለት በርና ሁለት ማኅተም እንዲደረግ ለመንዎ። እርስዎም ተነሥተው፣ የሁለቱንም እጅ ይዘው፣ «በእናቴ አፅም፣ ያለ ሁለት ማኅተም አንድ በግ አይታረድም» አሉ። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ሰምቻለሁ። እነርሱም መርቀውዎት ወጡ። ቄራው ሲከፈት በሩም አንድ፣ ማኅተሙም አንድ ሆኖ ተገኘ። ብንጠይቅዎ ከጣሊያኖቹ በመጣው ወረቀት ላይ ሁለተኛ ማኅተም አልተፈቀደም አሉን። አንድ ጠራቢ ከወይራ ጉማጅ ሊቀርጸው የሚችለውን ነገር ነው የነፈጉን።

ከዚህ የተነሣ የደረሰብንን እንደሚከተለው በትሕትና አመለክታለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ሥጋው። የክርስቲያኑና የእስላሙ ሥጋ ጎን ለጎን ተሰቅሎ፣ በአንድ ሰማያዊ ክብ ማኅተም ታትሞ ቢቀርብልን፣ የትኛው በማን እጅ እንደ ታረደ የሚያውቀው ማኅተሙ ብቻ ሆነ፤ እርሱም አይናገርም። ክርስቲያኑ የእስላም ነው ብሎ ተወው፤ እስላሙም የክርስቲያን ነው ብሎ ተወው። ሁለቱን ሃይማኖት በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ጾም ስላስጾሙልን እናመሰግናለን። የደሴ ጅብም ወደ ቄራው ገደል እየወረደ በመንግሥት የታተመ ሥጋ መብላት ስለ ለመደ፣ በእርሱም ስም ምስጋና አቀርባለሁ።

፪ኛ፤ ስለ ንጽሕናው። ቀድሞ ከብት የሚታረደው ከከተማው ጥግ፣ በግልጽ ሜዳ ነበር፤ ደሙን መሬቱ ይጠጣው፣ ትርፍራፊውን አሞራ ያነሣው ነበር። አዋጁ ሲወጣ ሰው ሜዳውን ተወ እንጂ ሥጋ መብላቱን አልተወም። በየጓሮው፣ በየማድቤቱ ኋላ፣ አንዳንዱም በመኝታ ቤቱ ያርዳል። የበሬው ጩኸት ለዘበኛ እንዳይሰማ ከበሮ ይመታል፤ በዚህ ዓመት ከተማችን ላይ ሠርግ የበዛ መስሎ ከታየዎ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጎረቤቴ አልጣሽ የምትድረው ልጅ ሳይኖራት ድምፅዋ እስኪዘጋ እልል ብላለች። ደሙ በየቦዩ እየወረደ ምንጩ ድረስ ደርሷልና፣ ከተማው እንዲጸዳ የወጣው አዋጅ የምንጠጣውን ውኃ አቆሽሾብናል።

፫ኛ፤ ስለ ቆዳው። ሥጋ ይበላል፣ አጥንትም ለውሻ ይጣላል፤ ቆዳ ግን የትም አይገባም። ያለ ማኅተም ባረደ ሰው ላይ ምስክር ሆኖ የሚቀረው ቆዳው ብቻ ነውና፣ ሰው ምስክሩን መቅበር ጀመረ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዘበኞችዎ በገናና በፋሲካ ማግስት የክርስቲያኑን ጓሮ፣ በዒድና በአረፋ ማግስት የእስላሙን ጓሮ እንደሚቆፍሩ በታወቀ ጊዜ፣ ክርስቲያኑ የፋሲካውን ቆዳ ወደ እስላም ጎረቤቱ፣ እስላሙም የአረፋውን ቆዳ ወደ ክርስቲያን ጎረቤቱ እየላከ ያስቀብር ጀመር። ሥጋ ተካፍለን የማናውቅ ሰዎች ቆዳ እየተካፈልን እንድንቀብር ስላደረጉን፣ እንዲህ ያለ ፍቅር ከዚህ ቀደም በየትኛውም ሹም ዘመን አልታየም።

ቆዳ እንዳይባክን በወጣ አዋጅ የአገሩ ቆዳ አፈር ገባ። ኮምቦልቻ ላይ የኩባንያው ሚዛን ዝገት ብቻ ይመዝናል። ቀድሞ ማንም ሳያስገድደው ቆዳውን ተሸክሞ ይመጣልን የነበረው ገበሬ፣ ዛሬ ለራሱ ምራን አጥቶ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በዛፍ ልጥ ያስራል፤ ልጡ ይበጠሳል፣ እርሻውም ዝናብ ጥሎ ሳለ ይቆማል። አንድ የኩታበር ገበሬ ደጉን ሰኔ ያለ ምራን ሲቀበል በዕድሜው የመጀመሪያው እንደ ሆነ ነግሮኛል። የከብት አገር ተቀምጦ ጠፍር መለመን፣ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። ከመቀበር የተረፈ ጥቂት ቆዳም ወደ ጫካ እየሄደ ዝናርና የጠመንጃ ማንገቻ ሆኗል ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ማየትም አልፈልግም። ጣሊያኖቹ አለቆችዎ ግን ይህን የሰሙ ዕለት በአዋጅዎ እንደሚኮሩ አልጠራጠርም።

፬ኛ፤ ስለ ጠቋሚዎቹ። የተቀበረ ቆዳ ለጠቆመ ጉርሻ ይሰጠዋል ማለትዎ፣ ቆዳ ያልነበረውንም ሰው ባለ ቆዳ አድርጎታል። በድንበር የተጣላ ሁሉ የራሱን ቆዳ በባላጋራው ማሳ ይቀብርና፣ ጠቁሞ ያሳስረውና፣ ጉርሻውን ተቀብሎ ይሄዳል።

አምስተኛውን ቁጥር ሰጥቼ መጻፍ አልሆነልኝም፤ የሱፍ ነውና።

በግንቦት ወር የሱፍ ገራዶ ካለው ቤቱ ያልታተመ አንድ የበሬ ቆዳ ተገኝቶበት፣ ታስሮ እርስዎ ፊት ቀረበ። ዘበኞቹ ቆዳውን ጠጉሩን ወደ ውስጥ አጣጥፈው፣ በገመድ ጠፍረው ነበር ያመጡት። የማን ነው ብለው ቢጠይቁት የኔ ነው አለ። በሬው የት ታረደ ቢሉት ዝም አለ። እርስዎም ገመዱን እንኳ ሳያስፈቱ አንድ ዓመት እንዲታሰር ፈረዱበት። ዕድሜውን በሙሉ ቆዳ ሲያሽ የኖረ ሽማግሌ፣ ከእርስዎ ጋር ከአንድ ገበታ እንጀራ የቆረሰ ሰው ከፊትዎ ቆሞ ሳለ፣ በመሐረብ አፍንጫዎን ይዘው ነበር። ያ ሽታ ትናንት የእርስዎም ሽታ ነበር። ሕግ ቢከፋም ሕግ ነው፤ የጻፈው ሰው ሩቅ ነው፣ እኛን አያውቀንም። እርስዎ ግን ያውቁናል። ሕጉ ያደረሰብኝን ችዬው ነበር፤ ያልቻልኩት በዚያች ቀን የሱፍን እንደማያውቁት ሆነው ማየትዎን ነው። ግራዝማች፣ ከድተውናል። ይህን በለዘበ ቃል ልጽፈው ብዙ ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ልጠይቀው ወህኒ ቤት ሄጄ ነበር። እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጦ እየሳለ፣ እኔኑ መልሶ ሊያጽናና «አብሽር፣ ወርቄ» አለኝ። እንደ ሰው ሁሉ ለምን እንዳልቀበረው ብጠይቀው፣ «ወላሂ፣ ጉድጓዱን ቆፍሬ ጨርሼ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ» አለ። ጭረት የሌለበትን ቆዳ አፈር ማልበስ አልቻለም፤ ወንጀሉ ይኸው ነው። አዋጁ ቆዳ እንዳይባክን ነው ከተባለ፣ በዚህ አገር አዋጁን የፈጸመው ሰው እርሱ አንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱንም አሰሩት። ሚስቱ ጣይባ ከገራዶ በእግሯ ስንቅ ታመላልሳለች። ክረምቱ ገብቷል፣ ሳሉም ብሶበታል፤ ከዚያ ወለል ላይ ክረምቱን የሚያወጣው አይመስለኝም።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። ሁለተኛውን በር ትቼዋለሁ፤ ሁለተኛውንም ማኅተም ትቼዋለሁ፤ የተቀበረውም ቆዳ አፈር ሆኗል። የሱፍን ይፍቱልኝ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። እርስዎ ግን የተሾሙት በሚያውቅዎት አገር ነው፤ ስለዚህ የሚነጠፈውን ቁርበት ከታች በትሕትና አመልክቻለሁ።

ለጤናዎ የሚጸልይ፣ በሹመትዎ ዕለት ከሁሉ አስቀድሞ ያጨበጨበና እጁን እስከ ዛሬ የሚያመው፣ የቆዳው ሽታ ያልለቀቀው የጥንት ባልንጀራዎ፣

ወርቅአፈራሁ በላቸው
ደሴ፣ ሰኔ ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ቆዳውም እንደ የሱፍ በግምጃ ቤትዎ እንደ ተጠፈረ ነው። ተጣጥፎ የከረመ ቆዳ በክረምት እንደሚሻግት የጥንት ሙያዎ ያስታውስዎታልና፣ እባክዎ በቅዳሜ ገበያ፣ ሕዝብ ባለበት፣ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርገው ያስነጥፉት። ሁለመናው ጥቁር ነው፤ ግንባሩ ቦቃ፣ በቀኝ ጎኑም ላይ እንሥራ የመሰለ ነጭ ምልክት አለበት። የእርስዎ ሰንጋ ነው። የታተመውን ሥጋ እርስዎም አልደፈሩትምና ለፋሲካ በጓሮዎ ታረደ፤ በማግስቱም የፋሲካ ቆዳ እስላም ቤት ማን ይፈልጋል ተብሎ፣ የሱፍ እንዲቀብረው ከወይዘሮ ሥርጉት ዘንድ በቀይዋ በቅሎ ተጭኖ ተላከ። ወይዘሮ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ሥጋውን በልተው ቆዳው የት እንደ ደረሰ አልጠየቁ ይሆናል። ይህን የነገረኝ የሱፍ አይደለም፤ እርሱ ገመናዎን እስከ ዛሬ ሸሽጎልዎታል። በቅሎዋን ያየቻት ጣይባ ናት፤ ቆዳውን ገራዶ ላይ በጨው ተወጥሮ ያየሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እኔም ለማንም ዝም እላለሁ ብዬ አልማልኩም። የሱፍ ችሎት ፊት የኔ ነው ያለውንም ውሸት ነው እንዳይሉብኝ፤ ያ በሬ ሲገዛ ካዋጡት አንዱ እርሱ ነበር።