የአባዬ የርቢ ላም

ጥቅምት 12
ገበያው መካከለኛ። የገረሴ ነጋዴዎች መጥተው ትንሹን ፌስታል አምስት እስር ወሰዱ፤ ትልቁን አልፈለጉም።
ስሜና ሰፈሬ የታተመበት ቢጫው ፌስታል ዛሬ ገባ። «የሺመቤት ማሸጊያ፣ ሲቀላ» ይላል። ፊት ለፊቴ ጎመን የምትሸጠው ሻሺቱ ለገዢ ሁሉ በእሱ ትቋጥራለች። ሰው ጎመኑን በልቶ ስሜን ቤቱ ያስቀራል። ማስታወቂያ ማለት ይኼ ነው እንጂ በሬዲዮ መጮህ ምን ያደርጋል?
ሸዋንዳኝ ዛሬም ስለ «ቀለል ያለ ኑሮ» ሰበከን። ለስላሳ ይቅር፣ ጓሮው ይቆፈር፣ ላም ትምጣ። ሃያ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ባል ያለው ሰው ጣጣው ብዙ ነው።
«የሺዬ፣ የምንጥለው ከምንበላው በለጠ እኮ።»
«አንተ መጣሉን ተው፣ እኔ መግዛቱን እተዋለሁ» አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ያሰበውን አይተውም።

ጥቅምት 26
አባዬ ከጨንቻ ወረደ። ላሚቱን ከነወንድ ጥጃዋ በአይሱዙ ጭኖ። በርቢ ሰጠን፤ እዚህ ስትወልድ የመጀመሪያው ለእኛ፣ ቀጣዩ ለእሱ።
የእናቴ ላም የልጅ ልጅ ናት። ከዚያ ዘር የቀረችው ሴት እሷ ብቻ...
ገመዱን ሲያስይዘኝ የራሱን እጅ ቶሎ አላነሳም። «ይሄ የእናትሽ ነው» አለ። አማርኛ ሲያወራ ላሟን ሁሌ «እሱ» ነው የሚላት። «ከተማ እንዳይበላው።»
ልጄ ማህደር «ሎሚ» ብላ ስም አወጣችላት። ለምን? «ቢጫ ትመስላለች።» አትመስልም። ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ላም ልለብ ብላ ስትነሳ ስም ላይ አይከራከሯትም።

ኅዳር 9
ፉርሽካ ተወደደ። መላ አገኘሁ። ሻሺቱ የጎመኑን የውጭ ቅጠል ትጥላለች፤ ጁስ ቤቱ የሙዝና የማንጎ ልጣጭ ይጥላል። «ቋጥራችሁ አስቀምጡልኝ» አልኳቸው። ፌስታሉ እንደሆነ ከእኔው ነው። የሱቄን የምሳ ትርፍራፊና ልጣጭ እኔ ራሴ እቋጥራለሁ። ወደ ቤት ስገባ ስድስት ሰባት ቋጠሮ ይዤ ነው።
ሸዋንዳኝ በደስታ ሊሞት። «አየሽ? ከቆሻሻ ወተት!» እሱ ተፈጥሮን የጠበቅን ይመስለዋል። እኔ ፉርሽካ አለመግዛቴን አያለሁ። ሁለታችንም ደስ ብሎናል።
ቋጠሮውን ፈትቼ ገንዳው ላይ እዘረግፋለሁ። ስቸኩል እንዳለ እጥልላታለሁ፤ ራሷ በጥርሷ ትፈታዋለች። ብልህ ላም!

ጥር 15
የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ደግነት ሎሚን መረመራት። ማርገዟን አረጋገጠ። መስከረም ላይ ትወልዳለች።
ለአባዬ ደወልኩ። «ሴት ይሁን» አለ። እንደ ሸቀጥ የሚታዘዝ መሰለው እንዴ?

መጋቢት 2
ጾም። ወተት የሚጠጣ የለም። ማህደር እያለበች ትንጣለች፣ የፋሲካ ቅቤ ታጠራቅማለች። ላሟን ለእሷ ትቻለሁ። ሱቅ በዝቷል።

መጋቢት 19
የቅቤውን ማሰሮ ከፈትኩ። ግማሽ እንኳ አልሞላም።
«ማህደር፣ ወተቱን ለማን ነው የምትሰጪው?»
አለቀሰች። «እማ፣ የለም እኮ! ከሦስት ሳምንት ጀምሮ እየቀነሰ ነው። ስነግርሽ ‹ቆይ፣ ሰው አለ› አልሽኝ።»
እንዲያ ብዬአታለሁ? ብዬአታለሁ።
በረት ገባሁ። ሎሚ ግራ ጎኗ ተነፍቷል። ወገቧ አጥንቱ ወጥቷል። የጀርባዋ ጠጉር ቆሟል። ሆዷ ትልቅ፣ ሥጋ የለም። በየቀኑ በአጠገቧ አልፋለሁ... እርግዝና መስሎኝ ነበር። በሦስት ወር እንዲህ ያለ እርግዝና የት አይቼ አውቃለሁ? ዕቃ በእጄ አንስቼ ክብደቱን የምናገር ሰው!

መጋቢት 20
ዶክተር ደግነት መጣ። ጡጫውን ግራ ጎኗ ላይ ጫነ። ለቀቀ። ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ቀረ።
«ምንድን ነው የምትበላው?»
ነገርኩት። ገንዳዋን ዞሮ አየ።
«ነገ እንከፍታታለን።»
«እርጉዝ እኮ ናት!»
«ካልተከፈተች ሁለቱም ይሞታሉ። ተከፍታም ቢሆን ቃል አልገባልሽም።»
ለአባዬ ደወልኩ። «መጣሁ» አለና ዘጋው።

መጋቢት 21
የዛሬውን ልጻፈው።
አባዬ በመጀመሪያው መኪና ደረሰ። ከሐኪሙ ቀደመ። ወደ በረት አልሄደም፤ ሦስታችንንም ግቢው ውስጥ አስቀመጠን።
«እዚህ ቤት ጎሜ አለ። ማን ነው ያደረገው? ይናገር።»
ሸዋንዳኝ የጎንደር ልጅ ነው፤ ወደ እኔ ዞረ። «ጎሜ ምንድን ነው?»
«ነውር አድርጎ የደበቀ ሰው ካለ በከብቱ ወይ በልጁ ይወጣል ይላሉ። ተናዝዘው እስኪያስተካክሉት አይለቅም።»
ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። «እኔ... ትምህርት ቤት ለስላሳ እጠጣለሁ። በየቀኑ። ቤት ውስጥ ከልክዬ።»
ሌላ ቀን ቢሆን ወር ሙሉ መቀለጃዬ ነበር።
ማህደር ቀጠለች። «እኔ ደግሞ በጾሙ አንድ ቀን አይብ ቀምሻለሁ።»
አባዬ እጁን አወናጨፈ። «ይሄ ትንሽ ነው። ይሄ ላም አይጥልም።» ከዚያ ወደ እኔ። «አንቺስ?»
«እኔ ምን አለኝ፣ አባዬ? ሚዛን አልሰርቅ፣ ሰው አላታልል።»
እውነቴን ነበር። ገበያው ውስጥ ሚዛኔን የሚጠረጥር የለም። አየኝ። ተነሳ።

ሐኪሙ ግራ ጎኗን ላጭቶ ማደንዘዣ ወጋት። እንደቆመች ቀደዳት። ሸዋንዳኝ ቀንዷን ይዟል። ሳፋ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ሳፋውም ከሱቄ።
ሐኪሙ እጁን እስከ ትከሻው ሰደደ። መጀመሪያ የላስቲክ ገመድ ወጣ። ከዚያ ጥቁር ነገር፣ እንደ ጨርቅ የተጠማዘዘ። ከዚያ ቢጫ። ደግሞ ቢጫ። ደግሞ... ሳፋው ሞላ። ሌላ ሳፋ አመጣሁ። ሽታውን አልጽፈውም።
ማህደር አንዱን በባልዲ ውኃ አጠበችው። ዘረጋችው።
አባዬ ፊደል አያነብም። «ምን ይላል?» አላት።
ወደ እኔ አየች።
«ምን ይላል፣ አንቺ ልጅ?»
«የእማ ስም ነው፣ አባባ።»
ቀለሙ ምንም አልሆነም። እንዳይለቅ ብዬ ማተሚያ ቤቱን ስንት ቀን የጨቀጨቅሁት እኔ ነኝ። አልለቀቀም። አራት ወር በላም ሆድ ውስጥ አልለቀቀም!
ከዚያ አንድ ሳይፈታ ወጣ። ከነልጣጩ፣ እንደታሰረ። ቋጠሮው የእኔ ነው። ሁለቴ ጠምዝዤ ጫፉን ወደ ውስጥ እሰደዋለሁ፤ ሲቀላ ውስጥ እንዲያ የሚያስር ሌላ ሰው የለም።
ሱቄ ጎርፍ የገባ ዕለት ቆሜ ዕቃ ያስወጣሁ ሴት፣ በረት ውስጥ እበት ላይ ቁጭ አልኩ።
«አባዬ» አልኩ። «ጎሜው የእኔ ነው።»
እሱ ወደ ላሟ ዞረ። ሐኪሙ እስኪሰፋ ድረስ የሎሚን ጆሮ ይዞ በጋሞኛ ያናግራት ነበር። የእናቴን ስም ሲጠራ ሰማሁ።

መጋቢት 22
ቆማለች። አልበላችም።

መጋቢት 23
አልበላችም። ጽንሱስ? «አልታወቀም» ይላል ሐኪሙ። አባዬ ኬሻ አንጥፎ በረት ነው የዋለው። ምሳ ወሰድኩለት፤ ከማህደር እጅ ተቀበለ።

መጋቢት 24
አመነዠከች!
ሸዋንዳኝ በአንድ እግሩ ብቻ ጫማ አድርጎ ሱቅ ድረስ እየሮጠ መጣ። ሻሺቱ «ምነው መምህር፣ ጦርነት ገባ?» አለችው። «አመነዠከች!» አላት። «ማን? የሺ?» ገበያው ሁሉ ሳቀ። እኔ ሚዛኑን ይዤ አለቀስኩ።

ሚያዝያ 12
ፋሲካ። ቅቤ ከገበያ ገዛን። ማሰሮውን ማንም አላነሳም።

ግንቦት 3
ቁስሉ ደርቋል። ጽንሱም አለ፣ ዶክተር ደግነት በእጁ ዳስሶ አረጋገጠ። ልንደሰት ስንል አባዬ ላሟን ሊወስድ መጣ። የሰጡትን የርቢ ላም ከመውለዷ በፊት መውሰድ... በእኛ አገር እንዲህ የሚደረገው ከሌባ ላይ ነው።
ከዚያ በፊት ግን ሱቅ መጣ። ሰው ሞልቷል። ከቤቴ እስከ ሱቄ በእግሩ ነው የመጣው፤ ብብቱ ሥር ጥቅል ይዟል። ባንኮኒው ላይ ዘረገፈው። ጭቃ የነካው፣ እሾህ የቀደደው፣ ከቦይ የተጎተተ። ሁሉም ቢጫ።
«ስምሽን ሰብስቤልሽ መጣሁ» አለ።
ሻሺቱ የያዘችውን ቢጫ ፌስታል ደበቀች።
«ጥጃውስ፣ አባዬ?» አልኩት።
«ርቢ ርቢ ነው። መጀመሪያ የሚወለደው ያንቺ ነው። የት እንደሚያድግ ግን እኔ አያለሁ።»
ላሟንም ወንዱንም ጥጃ ጭኖ ሄደ። ማህደር እስከ አስፋልቱ ተከተለችው።

ግንቦት 6
ቢጫውን እንዳያትሙ ደወልኩ። ያለውን ፌስታል ከመደርደሪያ አወረድኩ። ባዶውን መደርደሪያ ሳይ ደነገጥኩ። ለካ ሱቄ ግማሹ አየር ነበር።
ሻሺቱ መጣች። «በምን ልቋጥር እንግዲህ? በቀሚሴ?»
«ዘንቢል አምጡ በያቸው።»
«ወደ ደግፌ ሱቅ ይሄዳሉ እንጂ ዘንቢል ሊያመጡ!»
ልክ ናት። ሄዱም። እኔ ባልሸጥ ደግፌ ይሸጣል፤ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ግን የደግፌ ቋጠሮ ከላሜ ሆድ አልወጣም።

ሐምሌ 20
በፌስታሉ ቦታ ኬሻ፣ የቃጫ ገመድ፣ የጨንቻ ሸማኔዎች የሚሠሩት የጥጥ ከረጢት። ቀስ ብሎ ይሸጣል። ጀሪካንና ሳፋ አልተውኩም፤ መነኩሴ አልሆንኩም።
ቤት ውስጥ ነገሩ ተገልብጧል። ሸዋንዳኝ ትናንት ዳቦ በፌስታል ይዞ ገባ። አየሁት። ዳቦውን አውጥቶ ፌስታሉን ኪሱ ከተተ። «የሺዬ፣ ቀለል ያለ ኑሮ እኮ እንዲህ ከባድ ነው ብዬ አላሰብኩም ነበር» አለ። ቀልድ መሰለው። እኔ አልሳቅኩም... ኋላ ሳቅኩ።

መስከረም 18
ጨንቻ። መስቀልን አባዬ ጋ አሳለፍን። ሎሚ ከስድስት ቀን በፊት ወልዳለች። ሴት!
ማህደር በረት ገብታ አልወጣም አለች። አባዬ ከእኔ ጋር ብዙ አላወራም፤ ግን ምግብ ከእጄ ተቀበለ። አየሁት።
ዛሬ ጠዋት እበት ይዤ ወደ እንሰቱ ሥር ሄድኩ። ልጅ ሆኜ እንደማደርገው። አፈሩን በእጄ ገለጥ ሳደርግ... ቢጫ።
የሺመቤት ማሸጊያ፣ ሲቀላ።
ማተም ካቆምኩ አራት ወር አለፈ። እዚህ ማን አመጣው? ከገበያ የተመለሰ ሰው ይሆናል። ጎመን ይዞ፣ ጨው ይዞ። እኔ ወደ አባቴ ደጅ ለመምጣት አፍሬ ስዘገይ ስሜ ቀድሞኝ ደርሷል። የእናቴ እንሰት ሥር! እናቴ የተከለችው።
ሳብኩት። ሌላ ከሥሩ ነበር። አራት ሆኑ። ቀና ስል አባዬ አጥሩ ጋ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላውቅም።
«አልጨረስኩም» አልኩት።
«አውቃለሁ» አለ። «ጥጃው ጡት ሲጥል ባልሽን ‹ና ውሰድ› በይው። ገመዱን ግን አንቺ ትይዣለሽ።»
ለሸዋንዳኝ ነገርኩት። መኪና ትተን ነገ እስከ ዶርዜ በእግር እንወርዳለን፣ ግራና ቀኙን እያየን። ማህደር አንድ ኬሻ ይዛለች።
አንድ የሚበቃ አይመስለኝም።