ስለማይታመነው ስልኬና ስለ ኢስተሂል ፍየሎች

ለእንስሳት በሽታ ዲጂታል ቅኝት ማዕከል ዋና ኃላፊ
ጅግጅጋ

እጅግ የተከበሩ ዋና ኃላፊ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና በየዓመቱ የሚቀየረውን ስልክዎን በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆኑት የሐርተሼክ ፍየሎች ናቸው። ሦስት ጊዜ በቢሮዎ በኩል ጽፌ መልስ ስላጣሁ፣ አራተኛውን ሕዝብ እያነበበው ቢደርስዎ ይሻላል ብዬ ነው በአደባባይ የጻፍኩልዎ።

በሐርተሼክ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ኢስተሂል የምትባል የአራት ልጆች እናት አርባ ሁለት ፍየሎች ነበሯት፤ ከነሱ ሌላ ሀብት የላትም። ከሦስት ሳምንት በፊት ሦስቱ ንፍጣቸው ይዝረበረብ፣ አፋቸው ይቆስል ጀመር። ፍየልና በግ የሚፈጀው፣ ደስታ መሰል የሚባለው በሽታ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ያልታመሙትን ቶሎ መከተብ ነው መፍትሔው። ክትባቱ ግን ጅግጅጋ ካለው ማቀዝቀዣ የሚወጣው በሽታው በማዕከልዎ መተግበሪያ ሲመዘገብ ብቻ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን ከዚሁ ልጀምር።

፩ኛ. መተግበሪያዎ አልመዘግብም ብሎ ስልኬ ማርጀቱን ስላረዳኝ አመሰግናለሁ። እውነቱን ነው፤ አምራቹ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ዞር ብሎም አላየውም። ስለዚህ ጅግጅጋ ገበያ ስልክ ለሚጠግነው ለዐብዲሰላም ወሰድኩለትና፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ተባብረው የሚሠሩትን፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነውን፣ በነጻ የሚታደለውን ሥርዓተ ክወና፣ ማለትም ስልኩን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ሶፍትዌር፣ ጫነበት። ስልኩ ነፍስ ዘራ፤ የደህንነት ማሻሻያውም በየወሩ ይደርሰው ጀመር። ካሜራው አስቸግሮ ዐብዲሰላም ለነዚያ ሰዎች ቢጽፍላቸው፣ የማናውቀው፣ ማንም ደመወዝ የማይከፍለው አንድ ሰው በማግስቱ አስተካክሎ ላከልን። ከማዕከልዎ ጋር ላለማወዳደር ብዙ ታግያለሁ።

፪ኛ. በታደሰው ስልክ መተግበሪያውን ስከፍት፣ ሥርዓቱ በአምራቹ ያልተረጋገጠ ስለሆነ ስልክዎ አይታመንም አለኝ። የማዕከልዎ ባለሙያ ስልኩን ወደ ቀድሞው ይዞታ እንድመልሰው በጽሑፍ መከሩኝ፤ መለስኩት። አርጅቷል አለኝ። ሳድሰው አይታመንም፣ ስመልሰው አርጅቷል። እኔ ስጭንና ሳወርድ ዘጠኝ ፍየሎች ሞቱ። ክብርዎን ጠብቄ ልናገርና፣ አንጀቴ አርሯል። የበጎ ፈቃደኞቹን ሥራ ባለሙያዎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ማንበብ ይችሉ ነበር፤ የእናንተን መተግበሪያ ውስጡን ግን እኛ ማየት አንችልም። የማይታመነው የኛው ሆነ፣ ይሁን።

፫ኛ. ይህ ከሁሉ የላቀው ውለታዎ ነው። ሲጨንቀኝ ጅግጅጋ ድረስ መጣሁና፣ ጸሐፊዎ ሮዛ አዝናልኝ አዲሱን ስልኳን አዋሰችኝ፤ እባክዎ እሷን እንዳይቀጡብኝ። ከፊት ለፊቷ ወንበር ላይ ተቀምጬ በአራት ደቂቃ አስመዘገብኩ። ለካስ መተግበሪያው የሚመዘግበው ስልኩ ያለበትን ቦታ እንጂ ፍየሎቹ ያሉበትን አይደለም! በካርታዎ ላይ ቀይዋ ነጥብ ቢሮዎ ላይ አረፈች። በማግስቱ ከታቢዎቹ የበረዶ ሳጥናቸውን ተሸክመው የእርስዎ በር ላይ ተገኙ። ጥበቃው ማሃድ፣ ሐቀኛ ሰው ስለሆነ፣ እዚህ ግቢ ፍየል እንደሌለ ነገራቸው። እነሱም እንስሳ አልተገኘም፣ ጉዳዩ ተዘግቷል ብለው መዝግበው ክትባቱን ወደ ማቀዝቀዣው መለሱት። መልእክቱ ለእኔም ደረሰኝ፤ ያነበብኩት ኢስተሂል የሞተ ግልገል እየጎተተች ሳለ ነው።

ዛሬ የቀሯት ሃያ ሦስት ናቸው። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያ ሳጥን ሐርተሼክ ይድረስ። ስለ ስልኬ እምነት ከዚያ በኋላ እርስዎ በፈቀዱት ኮሚቴ፣ እርስዎ በፈቀዱት ዓመት ልንወያይ እንችላለን። ፍየሎቹ ግን ኮሚቴ አይጠብቁም፤ እኔም በየጠዋቱ ስንት አደሩ ብዬ መጠየቅ ሰልችቶኛል።

ይህን ሁሉ በዝምታ የቻለውን ትዕግሥትዎን እያደነቅሁ፣ ባለበት እንዳይጸናም ዱዓ እያደረግሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

ኬሪያ ዘካሪያ
የማይታመን ስልክ ባለቤት
ሐርተሼክ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ኢስተሂል አይሱዙ ተከራይታ ሃያ ሦስቱንም ጫነቻቸው። ክትባቱ ወደ እርስዎ የሚሄድ ከሆነ ፍየሎቿም ወደ እርስዎ ይሄዳሉ ብላለች። በሽታ ከገባበት አካባቢ እንስሳ ማስወጣት በመመሪያዎ የተከለከለ መሆኑን ልነግራት ስነሳ፣ ለማረጋገጥ ብዬ ካርታዎን አየሁት፤ ቀይዋ ነጥብ አሁንም እዚያው ናት። በካርታዎ መሠረት ሐርተሼክ ጤነኛ ነው፤ በሽታ የገባበት የእርስዎ ቢሮ ብቻ ነው። ስለዚህ የምከለክልበት አንቀጽ አጣሁ። ነገ ጠዋት ይደርሳሉና፣ ማሃድ በሩን እንዲከፍትላቸው ይንገሩልኝ።