በፋብሪካው ውስጥ ስለበሉት ቁርስ

ለክቡር አቶ ዌንዴል ሆፕኪርክ
በአሜሪካ ምክር ቤት የወረዳችን ተወካይ
ባሉበት፤ ማለትም በአብዛኛው ዋሽንግተን

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ክብርት ባለቤትዎ፣ እንዲሁም በምርጫ ሰሞን በፎቶግራፍ ብቻ የምናውቃቸው ሁለቱ ውሾችዎ እንደምን ከርማችኋል? ጤናዎ የተሟላ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ እኛ ግብር ከፋዮቹ የምናግዝዎት የጤና መድን በማንም አድማ እንደማይቋረጥ ስለማውቅ በዚህ በኩል እንቅልፍ አላጣሁም። እኔ ወይዘሮ ሎይስ ክሩዜክ እባላለሁ። የብራንት ፎልስ ከተማ ነዋሪ፣ የወተት ማቀዝቀዣ ጋን በሚሠራው ፋብሪካችን ውስጥ ጉልበቴን ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ፣ ልጄ ዱዌንና ምራቴ ዳርላም እዚያው የሚሠሩ፣ ለክቡርነትዎም ሁለት ጊዜ ድምፄን የሰጠሁ ሴት ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ላይ በማውጣቴ እንዳይቀየሙኝ አደራ እላለሁ። ቀደም ሲል በግል ጽፌልዎት ነበር፤ ቢሮዎም ሳይውል ሳያድር ስለ ድጋፌ አመስግኖ፣ ለምርጫ ዘመቻው የአቅሜን እንዳዋጣ የሚጋብዝ ውብ መልስ ልኮልኛል። የጻፍኩት ግን አቤቱታ ነበር። ምናልባት በአደባባይ ሲነበብ ይለይ ይሆናል ብዬ እነሆ ቅሬታዬን ወይም፣ በእርስዎ ቢሮ ቋንቋ፣ ድጋፌን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ። በረዶው መጣል በጀመረበት ሰሞን፣ አድማ መትተን በርሜል ውስጥ እሳት አንድደን በምንቆምበት የፋብሪካ በር ላይ ስለተገኙልን ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ጡረተኛ ብሆንም ለሠራተኞቹ በየጠዋቱ ሾርባ ስለማደርስ፣ ከጥቁሩ መኪናዎ ሲወርዱ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የመታጠፊያው መስመር ገና ያልጠፋ አዲስ የሥራ ጃኬት ለብሰው፣ ቢጫ የአደጋ መከላከያ ቆብ ደፍተው ነበር። አውራ ጎዳና ላይ ከቆመ ሰው በላይ ከሰማይ በቀር የሚወድቅ ነገር ስለሌለ፣ ቆቡ ምን ሊያደርግልዎት እንደሆነ ብዙዎቻችን ግራ ገባን። የአድማው አስተባባሪ ሽማግሌው ኦርቪል ብቻ መልስ አላጣም። "ሰማዩ እንዳይወድቅበት ነዋ" አለ፤ "እዚያ ዋሽንግተን ሆነው ሲነቀንቁት እያየ!" ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለሌላ ሰው ነው፤ እርስዎ ጠምጥመው መጡ፣ ትምህርቱም ይደርሳል።

ከዚያም የአድማ መፈክር የተጻፈበትን ሰሌዳዋን ተቀብለው፣ ምራቴን ዳርላን ትከሻዋን አቅፈው ፎቶግራፍ ተነሡ። "ይህ የሹራብ ቆብ እንዴት ያምርብሻል!" አሏት። ክቡርነትዎ፣ ያንን ቆብ የምታደርገው የጡት ካንሰር ሕክምናዋ ፀጉሯን ስለጨረሰው ነው። አድማው ከተጀመረ በኋላ ፋብሪካው የሁላችንንም መድን ስለቆረጠ ሕክምናው በመሐሉ እንደተቋረጠባት እርሷው ነገረችዎት። እርስዎም እጅዋን በሁለት እጅዎ ይዘው፣ ለእንደ እርሷ ዓይነቱ ሰው ሌት ተቀን እንደሚታገሉ አረጋገጡላት። አፍ ቅቤ ልብ ጩቤ ብዬ እንዳልተርትብዎት ልቤን ገሠጽኩት፤ ገና ጧት ነበርና።

ሁለተኛ። ስለሰጡን የኢኮኖሚ ትምህርት። በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሰብስበውን ከውጭ በሚገባ ብረት ላይ የሚጣለውን ቀረጥ የሚከፍሉት ባዕዳን እንደሆኑ፣ ፋብሪካዎችም እየሮጡ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ ሲያስረዱን አጨብጭበን ነበር። የእኛ ፋብሪካ ግን የትም ሳይሄድ እዚሁ የነበረ ስለሆነ የሚመለስበት አላገኘም፤ ያገኘው የብረት መወደድን ብቻ ነው። ባለቤቶቹ፣ አንድም ላም በቅርብ አይተው የማያውቁት የሩቅ ከተማ ባለገንዘቦች፣ ብረት ስለተወደደ የሠራተኛው የመድን መዋጮ ይጨመር አሉ። አድማው የተመታውም በዚህ ነው። ስለዚህ ባዕዳን ያሉት እኛን መሆኑ ዘግይቶ ገባን።

ፍርደ ገምድል እንዳልባል፣ ከእርስዎ በፊት የነበሩትን የሌላኛውን ፓርቲ ሰው ሳላነሣ አላልፍም። እሳቸው ደግሞ በዚያው አዳራሽ፣ ብረት ሲበይድ የኖረ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ቢማር ችግሩ እንደሚቃለል አስተምረውን ነበር። ኦርቪል በስድሳ ዓመቱ ተመዝግቦ ተምሯል፤ አሁን እርስዎ የሚጽፉትን በኢንተርኔት የሚያነብልን እሱ ነው። በሁለታችሁ መካከል ያለውን ልዩነት ለማግኘት ብዙ ደከምኩ፤ እስካሁን የከረባታችሁን ቀለም አግኝቻለሁ።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ ትንሽ ቢረዝም ይታገሡኝ። በብራንት ፎልስ አድማ ሲመታ ያን በር የሚያልፍ ሰው የለም። ዳቦ አመላላሹ መኪናውን ከእኛ ወዲህ አቁሞ ሳጥኑን ለዘበኛው በአጥር ያቀብላል። የከተማው በረዶ ጠራጊ መኪና እኛ ከቆምንበት ድረስ ጠርጎ ይመለሳል። የሥራ አስኪያጁ የአቶ ስቲልማን እናት የሞቱ ጊዜ እንኳ ፓስተራችን ሊያጽናኑት መጥተው፣ ከእኛ ጋር በርሜሉ አጠገብ ቆመው በስልክ ጸለዩለት፤ እሱም በመስኮት እያያቸው አሜን አለ። ይህ በሕግ የተጻፈ ነገር አይደለም። ደፍሮ የሚያልፍ ቢመጣ ደግሞ አንሰድበውም፣ ድንጋይም አንወረውርበትም። ሁላችንም ዝም ብለን ዞረን ጀርባችንን እንሰጠዋለን። ከአያቶቻችን የወረስነው ቅጣት ነው፤ በዚህ አገር ከዚህ የሚከፋ አናውቅም። እሱን የቀመሱ ሰዎች ቤታቸውን ሸጠው ሌላ ግዛት ገብተዋል።

እርስዎ ፎቶግራፉ እንዳለቀ ሰሌዳውን ለዳርላ መለሱላትና፣ አቶ ስቲልማን ቁርስ አዘጋጅቶ ወደሚጠብቅዎት ግቢ በእግርዎ ገቡ። እኛም እንደ ወጋችን ዞርን። ይህን ጊዜ እርስዎ ቆም ብለው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው በጀርባችን ፊት እጅ ነሡ። ያኔ አልገባንም። የገባን ለመራጮችዎ ያሰራጩትን ጽሑፍ ኦርቪል ሲያነብልን ነው፤ "ሠራተኞቹ በጸጥታ ዞር ብለው መንገድ ለቀቁልኝ፤ እንዲህ ያለው ጨዋነት ከአገራችን እየጠፋ ነው" ይላል። ከሥሩም የጀርባችን ፎቶግራፍ አለበት። ክቡርነትዎ፣ በዚህ ከተማ የመጨረሻውን ስድብ ተቀብሎ ያመሰገነ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ያ የጃኬት ጀርባ ሁሉ ለእርስዎ የተሰጠ ፍርድ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው እንኳ በቢሮዎ አለመገኘቱ፣ የማንን ወረዳ ነው የሚወክሉት ብዬ እንድጠይቅ አስገድዶኛል።

ቁርሱን በተመለከተ፣ ፋብሪካው ራሱ ባወጣው ፎቶግራፍ ላይ እንቁላሉን፣ ቋሊማውንና ፓንኬኩን አይተናል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ነውና አልፈርድብዎትም። እንቁላል በተወደደበት ዘመን ግን ይህን ያህል እንቁላል አንድ ላይ በማየታችን፣ ውጭ በረዶ ላይ የቆምነውም በዓይናችን ጠግበናል።

አራተኛ። ከቁርሱ በኋላ እርስዎና አቶ ስቲልማን ጎን ለጎን ቆማችሁ መግለጫ ሰጣችሁ። ወደ ሥራው የሚመለስ ማንኛውም ሠራተኛ የእርሱም የቤተሰቡም መድን በዚያው ቀን እንደሚቀጥል እሱ ተናገረ፤ "እያንዳንዱ ሰው ለቤተሰቡ የሚበጀውን በነፃነት ይወስን" ብለው እርስዎ አከሉበት። ነፃነት ደግ ቃል ነው። በእርስዎ አፍ ውስጥ ምን እንደሚመስል ግን ልንገርዎት።

ልጄና ምራቴ አድማው ከተጀመረ ወዲህ የቤት ኪራዩ ስለከበዳቸው ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ስለዚህ የዚያን ዕለት ራት ላይ የተባባሉትን ሰምቻለሁ። ዱዌን አፉን ገና ሳይከፍት ዳርላ አወቀችበት። "እኔ ልሙት እንጂ አንተ ያን በር እንዳታልፍ" አለችው። ዱዌን ግን፣ "አንቺ ስትሞቺ ቆሜ የማይበት የአድማ መስመር የለኝም" አላት። እኔም የማን ወገን እንደሆንኩ ስላላወቅሁ ሳህን አነሣሁ።

በማግስቱ ጠዋት እርሷ እንደ ወትሮዋ ሰሌዳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ቤት ብትውል ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ አልቀረችም። የዱዌን መኪና በመንገዱ ማዶ ብቅ ሲል ቀድሞ ያየው ኦርቪል ነው። ዱዌንን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው፣ ብየዳም ያስተማረው እሱ ነው። ቀድሞ የዞረውም እሱ ነው። ከዚያ አንድ በአንድ ሁሉም ዞሩ። ዳርላም ዞረች። እኔ እናቱም ዞርኩ። አልቅሻለሁ፤ ዞሬ ነው ግን ያለቀስኩት።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ሕክምናው በዚያው ሳምንት ስለቀጠለላት አመሰግናለሁ። ይህንን ያለ አሽሙር ነው የምለው፤ ምራቴ ትኑርልኝ እንጂ መድኃኒቱ በጅብ አፍ ቢመጣም እቀበላለሁ። ሆኖም አንድ ሰው ሚስቱን ለማትረፍ የሚኖርበትን ከተማ መክፈል ሲኖርበት፣ ያንን ገበያ የከፈተለትን ሰው ባለውለታ ብሎ መጥራት አልሆነልኝም። ከዱዌን በኋላ ሌሎችም አልፈዋል፤ የታመመ ሰው ካለበት ቤት ሁሉ በረዶው ላይ ወደ ፋብሪካው የሚወስድ የተሽከርካሪ ዱካ አለ። በርሜሉ ዙሪያ የምንቆመው እየሳሳን ነው፤ አድማው በዚህ ከቀጠለ እስከ ጸደይ አይደርስም። አቶ ስቲልማን ያላፈረሰውን እርስዎ በአንድ ቁርስ አፈረሱት።

ልጄ ማታ ሲመጣ ዳርላ ራቱን ታቀርብለታለች፤ እንዴት ዋልክም ትለዋለች። በበሩ ላይ ስላደረገችው እሱ አይጠይቃትም። እሱ ሥራ ላይ ሲሆን ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት ኦርቪል ነው፤ አድርሶ ይመልሳታል። ዱዌን ሊያመሰግነው ከወጣ ግን ኦርቪል መኪናው ውስጥ ሆኖ የጎረቤቴን ዛፍ ያያል። ዱዌንም ተመልሶ ይገባል። ቆመው የቀሩትና የገቡት በዚህ ከተማ ሰላምታ አይለዋወጡም፤ ስለ እርስዎ ግን ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቃል ነው የሚጠቀመው። ጋዜጣው አላትመውም ስላለኝ ትቼዋለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ የማይቋረጥ መድን፣ የማይቀዘቅዝ ቁርስ እየተመኘሁ፣ ወደፊትም ጀርባችንን በሰጠንዎት ቁጥር እንደተለመደው እጅ እንደሚነሡልን በመተማመን፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የዘወትር መራጭዎ፣ እስከ መጪው ምርጫ ድረስ፣
ሎይስ ክሩዜክ
ብራንት ፎልስ፣ ዊስኮንሲን

ከፊርማ በኋላ የደረሰ፦ ይህን ጽፌ ጨርሼ ወደ ጋዜጣው ልወስደው ካፖርቴን ስለብስ፣ ከምርጫ ዘመቻ ቢሮዎ አንዲት ትሑት ልጅ ደወለች። ልጄን ዱዌንን "ለቤተሰቡ በነፃነት የወሰነ ሠራተኛ" ብላችሁ በመድረክ ላይ ከጎንዎ ልታቆሙት ማሰባችሁን ነገረችኝ። እሱ ሥራ ላይ ስለነበረ ስልኩን ለዳርላ ሰጠኋት። ዳርላ ልጅቷ እስክትጨርስ በትዕግሥት ሰማቻት። ከዚያ፣ "ባሌ ያን በር ያለፈው እኔ እንድኖር ነው። አለቃሽ ለምን እንዳለፈ ጠይቂውና መልሰሽ ደውይልኝ" አለቻት። ልጅቷ እጠይቃለሁ ብላ ዘጋች፤ እስካሁን አልደወለችም። መልሱ ሲገኝ እንዳትቸገሩ ብዬ ነው፤ ዳርላ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ናት፣ ማክሰኞ ሆስፒታል ናት፣ በቀረው ጊዜ ስልኩን ታነሣለች።