አልዓዛር የሠራው ታንኳ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ክረምቱ እንደ አምናው አስሮ አስቀመጠዎት ወይስ ዘንድሮ ማረዎት? እናቴስ እህል ይበላላታል? እንቅልፍስ ይወስዳታል? የእንሰቱ ጓሮ፣ ከብቶቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? የጌታ ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ። እኔ በሥጋዬ ደህና ነኝ፤ የቀረውን ከዚሁ ከደብዳቤው ያገኙታል።

ወንድሜ ሆሴዕ፣ የምታነብላቸው አንተ ነህና ቀስ ብለህ አንብብ። አቁም ሲሉህ አቁም። ይህን በፖስታ ቤት አልላክሁትም፤ እዚህ ጅማ መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱት አቶ ወልደሰማያት ወደ ሆሳዕና ስለሚያልፉ በእጃቸው ይዘውልኛል። አንብባችሁ ስትጨርሱ እሳት ውስጥ ክተቱት።

አባቴ፣ በሰው የላኩብኝ ጥያቄ ደርሶኛል። «ልጄ በገዛ ሥራው ጉድለት ነው ወይ የሞተው? በሰው ነፍስ ላይ ቀልዶ ነው ወይ?» ብለዋል። ከገበሬ ማኅበሩ የደረሳችሁ ወረቀት እንደዚያ እንደሚል አውቃለሁ። እኔ ግን ታንኳው ላይ ነበርኩ። ያየሁትን ልንገርዎት።

እንደሚያውቁት ወንድሜ አልዓዛር ከሰኮሩ ራቅ ብላ ባለች መንደር የሳይንስ መምህር ሆኖ ሲመደብ እኔም ቤቱን እየያዝኩለት እዚያው እማር ነበር። ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ ከወንዙ ወዲህ ናቸው፤ ገበያውና ቡናው ግን ማዶ ነው። ሐምሌ ላይ ወንዙ ሞልቶ የእንጨቱን ድልድይ ጠርጎ ወሰደው። አንዲት ወላድ የክሊኒኩን ቆርቆሮ ከማዶ እያየች ወንዙ ዳር ሞተች። አልዓዛር ያን ዕለት እህል አልቀመሰም።

ከዚያ በኋላ ለመንገድ ሥራ መጥተው የተጣሉ ባዶ በርሜሎች ለምኖ ሰበሰበ። አባቦራ የሚባሉ የወንዙን ጠባይ የሚያውቁ ሽማግሌ አሉ፤ እንጨቱን እሳቸው ቆረጡ፣ ከዳር እስከ ዳር ገመድ የወጠሩትም እሳቸው ናቸው። ስምንት በርሜል ከሥር፣ ሳንቃ ከላይ ሆኖ፣ ገመዱን በእጅ እየሳቡ የሚሻገሩበት ታንኳ ወጣው።

ስንት ሰው እንደሚችል በምን ታውቃለህ ብዬ ጠየቅሁት። ሳፋውን እስከ አፉ ውኃ ሞላና ድስት ውስጥ ድንጋይ ጨምሮ አንሳፈፈበት። የፈሰሰውን ውኃ ተቀብሎ ከሱቅ በተዋሰው ሚዛን መዘነ፤ ድስቱንም ከነድንጋዩ መዘነ። እኩል መጡ። «አየሽ ልያ፣ ውኃ የሚሸከምልሽ ከቦታው የገፋሽውን ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ብትለምኚውም አይሰማሽም» አለኝ። አንዱ በርሜል ሁለት መቶ ሊትር ይይዛል፤ ያን ያህል ውኃ ደግሞ ሁለት መቶ ኪሎ ነው። ስምንቱ እስከ ጫፋቸው ቢጠልቁ አሥራ ስድስት መቶ ኪሎ ይሸከማሉ ማለት ነው። አራት መቶውን በርሜሎቹና እንጨቱ ራሳቸው ይወስዱታል። ከቀረው አሥራ ሁለት መቶ ግን ግማሹን ብቻ ፈቀደ። «ግማሹ የወንዙ ድርሻ ነው፤ ይናወጣል፣ ሰውም ደንግጦ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል» አለ። ስለዚህ አሥር ሰው፣ ወይም ያንኑ የሚመዝን ዕቃ። ፊደል ያልቆጠረም እንዲያውቀው በርሜሎቹ ላይ ነጭ መስመር ቀባ፤ ውኃው መስመሩን ከነካ ሌላ አይሳፈርም። በዚያ ደንብ ስንት ወላድ፣ ስንት በሽተኛ ተሻገረ። አንድም ሰው እግሩ አልራሰም።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ማዶ የተከማቸውን ቡና ለአሥረኛው የአብዮት በዓል አስረክባለሁ ብሎ በስብሰባ ፊት ቃል ገብቶ ነበር። ያን ቀን እኔና አልዓዛር ከገበያ ስንመለስ ዘጠኝ ጆንያ ቡና ተጭኖ አገኘን። ዝናብ ሲያረጥበው ስለዋለ መስመሩ ገና ሰው ሳይወጣ ውኃ ውስጥ ገብቷል። ሊቀመንበሩ ከአንድ ታጣቂ ጋር ቆሟል፤ ሁለት ተሸካሚዎችም አሉ። ጠይባ የምትባል ጎረቤታችን ትኩሳት የያዘውን ሕፃኗን አቅፋ ክሊኒክ ለመድረስ ትለምናለች።

አልዓዛር «ጓድ ሊቀመንበር፣ ወይ ቡናው ይለፍ ወይ ሰዉ ይለፍ። ሁለቱን አንድ ላይ አይችልም» አለው።

«ሰማዩን አታየውም? ስንመላለስ ሊመሽብን ነው? ተሸካሚዎቹም ማዶ ያስፈልጉኛል።»

«ሰባት ጆንያ ይውረድና እንሂድ፤ የቀረውን ነገ እኔ ራሴ አሻግረዋለሁ።»

«ስማ አንተ ጴንጤ፣ ፊዚክስህን ለተማሪዎችህ! የሕዝብ ቡና እንዳይደርስ ማድረግ ስሙ አሻጥር ነው። ልጽፈው?»

ታጣቂው እኔንና ጠይባን በእጁ እየገፋ አሳፈረን። አልዓዛር እኛን ሲያይ ወጣና ከበርሜሎቹ ጥግ ቆመ። አባቦራ ገመዱን ያዙ።

ወንዙ መሐል ስንደርስ ጎርፉ የሚመጣበት ጎን ዘመመ፤ ውኃው ሳንቃው ላይ ወጣ። ጠይባ «ያ አላህ!» ብላ ጮኸች። አልዓዛር «ጆንያ ጣሉ! ሁለት ብቻ!» አለ። አንደኛው ተሸካሚ ጎንበስ ሲል ታጣቂው ጠመንጃውን አቀባበለ። ሊቀመንበሩ ፊቱ አመድ መስሎ «ማንም እንዳይነካው!» ይላል። አባቴ፣ እሱም ፈርቶ ነበር፤ ግን ከወንዙ ይልቅ የፈራው ባዶ እጁን መድረስን ነው።

አልዓዛር ያን ጊዜ ኮቱን አውልቆ የጠይባን ሕፃን ሸፈነበት። ወደ እኔ ዞሮ «ልያ፣ ከቦታሽ እንዳትነቃነቂ። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ታንኳ ላይ አይከብድም» አለኝና የበርሜሉን ማሰሪያ ይዞ ወረደ። ዋና እንደማይችል እርስዎ ያውቃሉ። እሱ የቆመበት ጥግ ቀና አለ፤ ውኃው ከሳንቃው ላይ ሸሸ። አባቦራ እያለቀሱ ሳቡ። ዳሩ ሲቃረብ ጎርፉ ያመጣው ግንድ መጣና ትከሻው ላይ መታው። እጁ ለቀቀ። ስሙን ስጠራ ዳር ደርሰን ነበር።

ዘጠኙም ጆንያ ደረቅ መሬት ላይ ወረደ። በበዓሉ ዕለት በድምፅ ማጉያ ተነገረለት።

አስከሬኑን አባቦራና የመንደሩ ሰዎች ወንዙን ተከትለው ሲፈልጉ ከርመው አገኙት። የእኛ ጸሎት ቤት ከታሸገ ቆይቷል፤ መቀበሪያም የለንም። አባቦራ «ከእኔ ቡና ሥር ይረፍ» ብለው ከጓሯቸው ቦታ ሰጡት። ወንጌል የሚያነብ ስላልነበረ እኔው በቃሌ የማውቀውን አልኩ፤ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

ከቀብሩ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ «ታንኳው ሲሠራ ጥንቃቄ ጎድሎታል፤ የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ» አለ። ሁሉም አወጣ። አባቦራም አወጡ። እኔ ስላላወጣሁ መጋዘን ውስጥ ቆልፈው አሳደሩኝ። ስወጣ አባቦራ በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። «ማል ጎና ልጄ፣ ምን ላድርግ? ልጆች አሉኝ» ብለው ጉልበቴን ሊይዙ ጎንበስ አሉ። ቀና አደረግኋቸው። ልቆጣቸው ብዬ ቁጣ አጣሁ።

አባቴ፣ ለጥያቄዎ መልሴ ይኸው ነው። ልጅዎ አልተሳሳተም። የሠራው ነገር ያን ሁሉ ሸክም ተጭኖም አልሰጠመም። የጠይባ ሕፃን ክሊኒክ ደርሶ ድኗል።

አሁን ጅማ ነኝ፤ መንደራ ቆጪ በሚባለው ሰፈር እኅት እታገኝ የምትባል የጸሎት ባልንጀራ አስጠግታኝ ልብስ እሰፋለሁ። ነይ ብለውኛል፤ እመጣለሁ፤ ግን መቃብሩ ላይ ድንጋይ ሳላቆም አይሆንልኝም። አጥንቱን እናምጣ ያሉትን ደግሞ ለጊዜው ይተዉት። ያለበት ቦታ ጥላ ነው፤ ሰዎቹም አይነኩትም።

እህቴ ሙሉነሽን ከነልጆቿ ሳሙልኝ። አክስቴ ሽታዬን፣ ማቅ ለብሳ እንዳትከርም እኔ ለምኛለሁ በሏት። ሆሴዕ፣ ትምህርትህን እንዳታቋርጥ፤ አልዓዛር ስላንተ ሳያወራ አይውልም ነበር። እናቴ በርዶት ነበር ወይ ብላ መጠየቋ አይቀርም። አትዋሿት። በርዶት ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን እጁ እስኪለቅ ድረስ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ይህን ንገሩልኝ፤ ሌላ የምልክላት የለኝም።

ልጅዎ ልያ
ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.