«እናቴ» ማለት ስለተከለከሉት አያት

ለከተማው ቤተ መጻሕፍት፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስውና አጠቃቀም ጥያቄዎች መልስ ክፍል ክቡር ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ የቀይ እስክሪብቶዎም ቀለም ያልደረቀ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ማዶ ካለው ፎቅ ሥር ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። እንግሊዝኛዬ ከዚፕ ስለማያልፍ በአማርኛ መጻፌን በትልቅነትዎ ይለፉልኝ። የምጽፍልዎ ስለ አባቴ ነው። ዕድሜያቸውን በከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ እርስዎም በመስታወት ሰሌዳዎ ላይ «አንድ ጡረተኛ ሾፌር» ብለው ለሕዝብ ያስተዋወቋቸው ሰው ናቸው።

ወንድሜ በሰው አገር የወለዳት ልጅ አማርኛ አትሰማም። አባቴ ደግሞ ከተሳፋሪ የለቃቀሟት ጥቂት እንግሊዝኛ ነበረቻቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኩ ሲጮህ ያቺኑ ይዘው ይገቡበታል። እንደ ማንኛውም አያት ልጅቷን «እናቴ» ይሏታል፣ ቃሉን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ ገልብጠው። ልጅቷ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ በኋላ ግን ሹመቱን ተቀበለችውና ምሳቸውን በልተው እንደሆነ፣ ካልሲ አድርገው እንደሆነ፣ ልክ እንደ ልጇ ትቆጣጠራቸው ጀመር። አባቴ ስልኩን ዘግተው እንኳ ፈገግታው ከፊታቸው አይጠፋም ነበር።

ለትምህርት ቤት ዕረፍት ልትመጣ መሆኗን ሲሰሙ፣ ልጅቷን በደንብ ልቀበል ብለው ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው ወደ መስኮትዎ መጡ። እርስዎ ያደረጉላቸውን ውለታ እንዳይዘነጉት በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ፦ ጥያቄያቸውን በአማርኛ ጽፈው ባመጡ ጊዜ፣ ስለ እንግሊዝኛ የሚቀርብ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ካልተጻፈ እንደማይስተናገድ ስለተነገራቸው እናመሰግናለን። ዋና መማር የፈለገ ወንዙን ዋኝቶ ይምጣ እንደ ማለት ነው። ብልህ አሠራር ነው፤ የማያውቅ ሰው እየመጣ አያስቸግራችሁም።

፪ኛ፦ እንደ ምንም በእንግሊዝኛ ጽፈው ሲመጡ፣ ስህተት ያለበት ጥያቄ መልስ አያገኝም ተብሎ ወረቀቱ በቀይ ተሞሽሮ ስለተሰጣቸው እናመሰግናለን። አባቴ ደጋግመው ጻፉት። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መነጽራቸውን በክር አስረው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ሲጽፉ፣ እንደገና ለመንጃ ፈቃድ የሚፈተኑ ይመስሉ ነበር። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አያት የልጅ ልጁን «እናቴ» ቢላት በእንግሊዝኛ ነውር ይሆን ወይ የሚል።

፫ኛ፦ ከሁሉ የሚልቀው ውለታዎ ግን ጥያቄያቸውን «የሳምንቱ ስህተት» ብለው ከነቀይ ምልክቱ በሰሌዳዎ ላይ መለጠፍዎ ነው። ከሥሩም አያት ከልጅ ልጁ ሊወለድ እንደማይችል፣ ባማረ የእጅ ጽሕፈት አብራርተውልናል። እኔ እስከማውቀው የጥርስ ሐኪም እንኳ የነቀለውን ጥርስ በር ላይ አይሰቅልም። የሰፈሩ ሰው አነበበ፣ ሳቀ። ዳቦ ሻጩ «ባለ ሁለት እናት» የሚል ቅጽል አወጣላቸው። አባቴም አብረው ሳቁ፤ ቤት ሲገቡ ግን ኮታቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚለውን ተረት ከልባቸው ያመኑት ያኔ ይመስለኛል።

፬ኛ፦ ልጅቷ መጣች። ገና ከበሩ ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አባቴ ከመጽሐፍ ያጠኑትን፣ እርስዎም ቢሰሙት የማያርሙትን አንድ ሰላምታ ሰጧት፤ ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። ምሳ በልተው እንደሆነ ስትጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናቴ» እስኪሏት ስትጠብቅ ከፊቷ ይነበብ ነበር። እንደ ድሮው ይጥሯት ብዬ ብለምናቸው፣ «ልጅቷ በእኔ አፍ እንዳታፍር፣ ተዪኝ» አሉኝ። እሷም እንዳኮረፏት ቆጥራ፣ እየተጠነቀቀች፣ ከሶፋው ወዲያኛው ጥግ መቀመጥ ጀመረች። ሁለቱ ሲፈራሩ ማየት አንጀቴን በላው። ዕረፍቷ አለቀና ሄደች።

አባቴ በወሩ አረፉ። በልብ ሕመም ነው የሞቱት፤ ለዚያ ክፍልዎን አልከስም፣ ሐኪሙም ሰዋስው ነው አላለም። ግን ያቺን የመጨረሻ ዕረፍት ወስደውባቸዋል፤ አዝኛለሁ፣ ሌላ ቃል አላበጅለትም። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ከእንግዲህ ያ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ አይሳሳቱም።

ለቋንቋው ንጽሕና ለሚደክሙት እጆችዎ ዕድሜ ይስጥልኝ እያልኩ፣ በዚህ ጽሑፍ ያጎደልኩት የአክብሮት ቃል ቢኖር በሰሌዳዎ ላይ ቦታ እንዳይነፍጉት በትሕትና እለምናለሁ።

የጡረተኛው ሾፌር ልጅ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ የወንድሜ ልጅ አንድ ጥያቄ በራሷ እጅ ጽፋ ልካልኛለች፤ አያይዤዋለሁ። አያቴ «እናቴ» ማለቱን የተወው ምን አጥፍቼ ነው ትላለች። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የጻፈችው ስለሆነ የሚታረም ፊደል አያገኙበትም። ወንድሜ እንዳይነግራት አፉ እምቢ ብሎታል፣ እኔ እንዳልነግራት ቋንቋው የለኝም። እርስዎ ግን መልሱንም ቋንቋውንም ያውቃሉ፤ ይጻፉላት።