ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም

ቤር ሼቫ፣ ሽኩና ቫቭ ሰፈር፣ እስራኤል
ሐምሌ 1989 ዓ.ም.

እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን ይዞሽ የነበረው ቁርጥማት ተወሽ ወይ? ክረምቱስ እንዴት ገባባችሁ? የጎጆውን ክዳን ሳያድሱልሽ ዝናቡ ደርሶብሽ እንዳይሆን እያልኩ፣ እዚህ አንዲት ጠብታ በማይወርድበት አገር ተቀምጬ፣ በቋራ ዝናብ እጨነቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ልጄ ሰማይ ጥርሷን አብቅላ ጨርሳለች፤ ያገኘችውን ሁሉ እንደ ግልገል ትነክሳለች። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። ከበረሃው የሚነሣው አቧራ መስኮት ዘግተንበትም ትራሳችን ላይ ያድራል።

ከፋሲካ ወዲህ ሁለት ደብዳቤ ልኬልሽ መልስ አላገኘሁም። መንገዱ ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ይህን የሚያነብልሽ ሰው ማንም ይሁን ማን፣ አንዲት ቃል ሳይዘል እንዲያነብልሽ በእግዚአብሔር ስም እለምነዋለሁ። የጻፍኩት ነገር ግራ ቢያጋባውም ያንብብልሽ።

ታደገን አንቺ በዓይንሽ አላየሽውም፤ እሱም አንቺን አያውቅም። የወልቃይት ሰው ነው፤ በሱዳን በኩል ከእኛ ቀድሞ የመጣ። ቋራን ረግጦ አያውቅም። የተዋወቅነውም የተጋባነውም እዚሁ ነው። ፎቶግራፍሽ እንኳን በእጄ የለም፤ መቼ ተነሥተሽ ታውቂያለሽ? ይህን ልብ በይልኝ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ይጭን እንደነበር ነግሬሻለሁ። አምና ከላይ የተደረደረ ሣጥን ተንሸራቶ ጭንቅላቱን መታው። ደሙ እንኳን ብዙ አልነበረም። ሆስፒታል ሰነበተና ሲነቃ፣ «መብራቱን አብሩልኝ እንጂ» አለ። ቀትር ነበር፤ ፀሐዩ አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር። እናቴ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ለታደገ መብራት የለም።

ዓይኑን ብታዪው ግን እንደ ድሮው ነው። ሐኪሞቹ አበሩበት፣ በማሽን ውስጥ አሳለፉት፤ የሚያገኙት ነገር አጡ። አንዱ፣ ጉዳቱ ከዓይኑ ኋላ ይሆናል አለ። ሌላው ትከሻውን ሰበቀ። ለአካል ጉዳተኞች የሚቆረጥ የወር አበል አለ፤ እሱን ለማግኘት «ቫዓዳ» የሚሉት የሐኪሞች ጉባኤ ፊት መቅረብ ነበረብን። በመጋቢት ወሰድኩት።

ነገሩ የጀመረው እዚያ ነው። ክንዱን ይዤ ረጅም ኮሪደር ላይ ስንሄድ ታደገ ድንገት ሳብ አደረገኝና ወደ ግድግዳው ተጠጋ። አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚባለው፣ «ይለፉ» አለ። ኮሪደሩ ባዶ ነበር። ድምፅ የሰማ መስሎት ነው ብዬ አለፍኩት። ከኋላችን ይመጣ የነበረ አንድ ሐኪም ግን አይቶት ኖሮ ጻፈው። ጉባኤውም፣ ይህ ሰው መንገድ ሲለቅ ታይቷል፣ ስለዚህ ያያል፣ አበል አይገባውም ብሎ መለሰን።

አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጥን፣ «ያቺ ሴትዮ ማን ናት?» አለኝ። የቷ ሴትዮ አልኩት። ፊቱን ወደ አውቶቡሱ በር መለሰ። ከጥቂት ቀን በኋላ ምሳ እየበላን ሳለ፣ «ኧረ እንግዳዋን ተቀመጪ በያት፤ ነውር ነው» አለኝ። የምን እንግዳ? «በሩ አጠገብ የቆመችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኮ ከእኛው ጋር ናት።»

ሌላስ ምን ታያለህ አልኩት። «ምንም» አለኝ። ሳህኑንም፣ እኔንም፣ ልጅቷንም አያይም። እሷ ብቻ ጨለማው መሐል፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ እንዳለች ሆና ትታየዋለች። ረዘም ያለች፣ ከሳ ያለች፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ የታጠቀች። ሁለት ክንዶቿን ከቀሚሷ አርቃ ወደ ላይ ይዛቸዋለች፤ እስከ ክርኗ ጭቃ ናት። «ቤቱን እንዳላቆሽሽ ብላ ይሆናል የማትቀመጠው» አለኝ።

ከእኛ እናቶች ሸክላ ያልሠራች የትኛዋ ናት ብዬ ራሴን አረጋጋሁ። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጥኩ፣ የግራ አውራ ጣቷን እይልኝ እስቲ አልኩት፤ እንደ ቀልድ አድርጌ። ጎንበስ ብሎ ትክ ብሎ አየና፣ «ጥፍር የለውም። እሳት የበላው ይመስላል» አለ። ቢላዋውን አስቀምጬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ ቧንቧውን ከፍቼ ቆየሁ። ስወጣ ታውቂያታለሽ ወይ አለኝ። አላውቃትም አልኩት። አውቃታለሁ ካልኩ ለምን እንደመጣች መጠየቅ ሊኖርብኝ ነዋ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስለ እጇ እጠይቀው ጀመር። በፋሲካ ሰሞን ጭቃው እርጥብ ነበር፤ ያብለጨልጫል ይለኝ ነበር። ከሻቩዖት በዓል በኋላ ነጣ። ከዚያ ይሰነጣጠቅ ጀመር። እናቴ፣ አንቺ እኮ ጭቃ እጅሽ ላይ እንዲደርቅ ፈቅደሽ አታውቂም። ሥራሽን ስትጨርሺ ቀጥ ብለሽ ወደ ወንዝ ነበር የምትወርጂ። ውሃውን ማን ከለከለሽ? ከምን ሥራ ላይ ነው የተነሣሽው?

በዚህ መሐል ወንድምሽ ይግዛውና ሚስቱ ሸዋርካብ ከሽኩና ዳሌት ሰፈር ይመላለሱብን ጀመር። ድሮ በበዓል ካልሆነ የማይመጡት ሰዎች አሁን ሰንበት ባለፈ ቁጥር ምግብ ይዘው ይመጣሉ። ዓይኔን አያዩኝም። ወጥ ቤት ገብቼ ስወጣ ወሬያቸው ይቋረጣል። ከእናቴ ምን ወሬ አለ ብዬ ይግዛውን ጠየቅኩት። «ደህና ነበረች» አለኝ። «ነበረች?» አልኩት። «ናት፣ ናት ማለቴ ነው» አለና ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። በር ላይ ቆሞ፣ ፍርድ ቤቱ መቼ ነው ያላችሁት ብሎ ጠየቀኝ። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ሸዋርካብም ትከሻዬን ይዛ፣ «ይኼ ፍርድ እስኪያልፍ ምንም ነገር ልብሽን አይክፈለው» አለችኝ። እኔም ምንም አልጠየቅኳትም። ታደገ ሴትየዋን ያየው ግን እነሱ ፊታቸውን መደበቅ ከመጀመራቸው በፊት ነው፤ ይህን ደጋግሜ አሰላስያለሁ።

ፍርድ ቤት ያልኩሽ የቫዓዳውን ውሳኔ ይግባኝ ብለን ነው። ለችግረኛ በነጻ የምትቆም ኑሪት የምትባል ወጣት ጠበቃ አገኘን። ንጉሴ የሚባል የእኛው ሰው ያስተረጉማል። ኑሪት፣ ዳኛ ፊት ሳትዘጋጁ አትቀርቡም ብላ ቢሮዋ ውስጥ ታለማምደን ጀመር። እሷ ዳኛ ትሆናለች፤ ታደገ ራሱን ይሆናል። ምን ይታይሃል ትለዋለች። «ጨለማ» ይላል። ሌላስ? «ከሴትየዋ በቀር ምንም።»

ንጉሴ መተርጎሙን አቁሞ እኔን አየኝ። ሲተረጉምላት ኑሪት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህን ነገር ዳኛ ፊት ካነሣው፣ አለች፣ ወይ ያያል ይሉታል፣ ወይ አእምሮው ተነክቷል ብለው ሌላ ጉባኤ ይልኩትና ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። ያልተጠየቀውን አይናገር። ታደገ ግን እንደምታውቂው — አይ፣ አታውቂውም — ታደገ ቃሉን የሚፈራ ሰው ነው። «ከጠየቁኝ እመልሳለሁ። እውነት እናገራለሁ ብዬ ግማሹን ልውጥ?» አላት። ሦስት ጊዜ አለማመደችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው።

በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች። እንግዲህ በአንቺ ምስክርነት ነው የሚያልቀው አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ክንዱን የያዝሽው አንቺ ነሽ፤ መንገድ የለቀቀው ለማን እንደሆነ ይጠይቁሻል። ምን ትያለሽ? «ማንም አልነበረም» አልኩ። ዓይኔን እያየሽ በይው አለችኝ። ማንም አልነበረም። ጠንከር አድርጊው። ማንም አልነበረም።

ወደ ቤት ስንመለስ ታደገ፣ «ያንን ስትዪ ፊቷን ወደ አንቺ መለሰች» አለኝ። «ከመጣች ጀምሮ አንቺን ስታይ ያኔ የመጀመሪያዋ ነው።»

ትናንት ፍርድ ቤት ቀረብን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጣራው ላይ ማራገቢያ ይሽከረከራል። ዳኛዋ ፀጉራቸው የነጣ፣ ድምፃቸው የለሰለሰ ሴት ናቸው። ታደገን አስነሥተው ምን እንደሚያይ ጠየቁት። እሱም ነገራቸው፤ ሴትየዋን፣ ክንዶቿን፣ ጭቃውን፣ ሁሉን። የአበል ከፋዩ መሥሪያ ቤት ጠበቃ ፈገግ አለ። ዳኛዋ መነጽራቸውን አውልቀው ከፍ አደረጉና ምን ይዣለሁ አሉት። አላውቅም አለ። አሁንስ ሴትየዋ የት ናት? በእጁ አሳየ፤ በሩ አጠገብ። ከጀርባዋ ያለው ግድግዳ ምን ዓይነት ነው? «ግድግዳ የለም» አላቸው። «ከጀርባዋ ምንም የለም።»

ያኔ እኔን ጠሩኝ። ባልሽ ኮሪደሩ ላይ መንገድ የለቀቀው ለማን ነው አሉኝ። «እኔ ማንንም አላየሁም» አልኩ። ይህች እውነት ናት፤ በዚህች ላመልጥ ፈልጌ ነበር። ዳኛዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ የጠየቅኩሽ ያየሽውን አይደለም አሉኝ፤ ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም? ሰው ከነበረ ባልሽ ያያል ማለት ነው። ካልነበረ አያይም ማለት ነው።

ንጉሴ ተርጉሞ ጨረሰ። ሁሉም እኔን ይጠብቃል። ታደገ ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ቆሟል። እኔም ወደዚያው አየሁ፤ በሩና አንድ ወንበር ብቻ ናቸው የሚታዩኝ። ግን እናቴ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ሸተተኝ። ቤር ሼቫ ውስጥ፣ በሐምሌ፣ በተዘጋ ክፍል። ብጠራሽ መልስ የምትሰጪኝ መሰለኝ። ሰማይንም አሰብኳት፤ በእኔ ደመወዝ ብቻ እንዴት እንደማሳድጋት አሰብኩ።

«ማንም አልነበረም» አልኩ።

አጠገቤ ታደገ ወንበሩን ሳብ አደረገ። ከመቀመጫዎቹ መሐል ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ፤ አንገቱን ደፋ፤ «ይለፉ» አለ። ዓይኑም ከእኔ ጎን ተነሥቶ ባዶውን መተላለፊያ ቀስ እያለ ተከተለ፤ እስከ በሩ። በሩ ዝግ ነበር፤ ዝግ እንዳለም ቀረ። ዳኛዋም አዩት፣ ጠበቃዎቹም አዩት፣ ጸሐፊዋም አየችው። ለሌለ ሰው መንገድ የሚለቅ ሰው ምን እንደሚመስል ሁሉም በዓይናቸው አዩ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ጋር በዝቅተኛ ድምፅ ተነጋገሩ፤ እሱም አሁን ፈገግ አላለም፤ በእሽታ ራሱን ነቀነቀ። የጉባኤው ውሳኔ ተሻረ፤ ታደገ ማየት የተሳነው ሰው ተብሎ አበሉ ይቆረጥለት ተባለ። ኑሪት እጄን ጨብጣ ሳቀች።

ውጭ ስንወጣ ታደገን ምን ሆነች አልኩት። «በፊቴ አለፈች» አለኝ። ጭቃው ከእጇ ተራግፏል፤ ታጥባ፣ ውሃ ከጣቶቿ ይንጠባጠብ ነበር። «ስታልፍ በእርጥብ እጇ ጉንጬን ነካችኝ» አለኝ። አውቶቡስ ላይ ስንሳፈር ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆየና «አልተሳፈረችም» አለ። ቤት ገባን። በሩ አጠገብ ማን አለ አልኩት። ማንም የለም አለኝ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ከአደጋው ቀን ጀምሮ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር። «አሁን ነው የታወርኩት» አለኝ።

እኔ ያኔ ነገርኩት። ማን እንደነበረች ነገርኩት። እጄን ያዘ።

እናቴ፣ ማንም አልነበረም ያልኩት ለፍርድ ቤቱ ነው፤ ለአንቺ አይደለም። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው ሳይነጋ ተነሥቼ የጻፍኩልሽ።

አሁን ነግቷል። ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ይሰማኛል፤ የሚያወራ ግን የለም። በመስኮት አየኋቸው። ይግዛው ከፊት ነው፤ ቄሱም አብረውት አሉ። እነ ሸዋርካብ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በማለዳ እንዲህ ተሰብስቦ ሰው ቤት የሚመጣው ለምን እንደሆነ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ። ገና አላንኳኩም። እስኪያንኳኩ ድረስ አንቺ ደህና ነሽ፤ እኔም እናቴ እንዴት ሰነበትሽ ብዬ የምጽፍ ልጅ ነኝ።

የአባቶቻችን አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። ቀድመውሽ ከሄዱት ጋር በሰላም ያገናኝሽ። ለእኔ፣ ለታደገ፣ ለሰማይም ካለሽበት ሆነሽ መርቂልን።

እያንኳኩ ነው።

ልጅሽ