የአባባ የብረት ኪኒን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለሰሚር፣ ጂዳ

አሰላሙ አለይኩም። አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ያልተሻለው የሶማሌ ተራ ግፊያ ብቻ ነው።

አባባ ከሱቅ ሲመለሱ ደረጃው ላይ ሁለቴ ሦስቴ እየተቀመጡ ማረፍ ስላበዙ፣ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ያለ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ደም ማነስ ነው ተባለ። ዶክተሩ የብረት ኪኒን አዞላቸው፣ "ከሻይ ጋር እንዳይወስዱት፤ በብርቱካን ጭማቂ ይሁን" አለ። አባባ ሻይ ተከልክለው ዝም ይላሉ? መንገዱን ሙሉ ሲቆጡ መጡ።

በቀጠሯችን ቀን ዶክተሩ "ሰገራዎ ጠቁሯል?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ኪኒኑን ከጀመርኩ ወዲህ ነው" አሉ፣ ቶሎ ብለው።

"እንግዲያው ኪኒኑ ነው፣ ያጠቁራል። ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ ሆድዎ ውስጥ ደም ይፈሳል ብለን እንሰጋ ነበር። ሆድዎን በካሜራ ማየቱ ይቆየን" አለ።

እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብያለሁ። በእኛ ቤት አባቷን በሰው ፊት የምታርም ልጅ አላደገችም። በማግስቱ ብቻዬን እስከ ክሊኒኩ በር ሄጄ ተመለስኩ።

ኪኒኑን የገዛነው ሰኞ ነው። እኔ ሽንት ቤቱን ሳጥብ ጥቁሩን ያየሁት ግን ከዚያ በፊት በነበረው ጁምዓ ነው።

ለዶክተሩ እውነቱን እንዲናገሩ አንተ ብትነግራቸው ይሰማሉ። ለአረፋ እመጣለሁ ብለህ ነበር። አረፋ ሩቅ ነው፣ ሰሚር። አላህ መንገድህን ያሳጥርልህ።

እህትህ ሉብና